ለካርታ ያልተሰጠው ጉድጓድ

ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የውሃ ጥናት መሥሪያ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከባለሙያዎቻችን ሁሉ ረጅም መንገድ የሚሄደውና አጭር ሪፖርት የሚጽፈው ጋሽ ሀብተየስ ነበር። ይህን ታሪክ ግማሹን እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲቷን ክፍል ደግሞ በገዛ እጄ ሠርቻታለሁ፤ እሷንም አልደብቅም።

ሀብተየስ ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አባቱ በንጉሡ ዘመን ከመንዝ ከጦር ሠራዊቱ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ አሥር አለቃ ነበሩ። ሰፈሩ አማርኛም ሶማሊኛም የሚነገርበት ስለነበር ልጁ በሁለቱም አፉን ፈታ። ጓደኞቹ «ሲጸልይ በአማርኛ፣ ሲቆጣ በሶማሊኛ» ይሉታል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረሱ ነበር። የአባቱ ጡረታ ተቋረጠ። ብዙ ጎረቤት ወደ መሀል አገር ሲሄድ እናቱ ግን «የማውቀው መቃብር ሁሉ እዚህ ነው» ብለው እንቢ አሉ። ሀብተየስ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ቆይቶ ቦቴ መኪኖች ውሃ ከሚቀዱበት ቦታ ተቀጠረ። ያኔ ሐርተሼክ ላይ ትልቅ የስደተኞች መጠለያ ነበር። ሐርተሼክ ደግሞ ቆፍረው ውሃ የማያገኙበት ሜዳ ነው፤ ነዋሪው ዝናብ ሲመጣ ቢርካ በሚሉት፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረና በሲሚንቶ በተለሰነ ገንዳ ያጠራቅማል። ያ ሁሉ ስደተኛ ሲጨመር ቢርካው ስላልበቃ ውሃው ከጅጅጋ ጉድጓዶች በቦቴ ይጫን ነበር። የሀብተየስ ሥራ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ሽቦ ወደ ጉድጓዱ እያወረደ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ መመዝገብ ነበር።

አንድ ጠዋት ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ የሥነ ምድር ባለሙያ ቢሮ ሄዶ «ሁለተኛው ጉድጓድ ደክሟል። ማታ የወረደው ጠዋት አይመለስም» አላቸው።

«ማን አስተማረህ ይህን?»

«ማንም። በየቀኑ ስለካው አየሁት።»

ሰውዬው መዝገቡን ገልብጠው አዩና ፓምፑ ለሦስት ቀን እንዲቆም አዘዙ። ውሃው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ አስከትለውት ይሄዱ ጀመር፤ በመጨረሻም አርባ ምንጭ ልከው ሁለት ዓመት አስተማሩት። ሲመለስ የመስክ ቴክኒሽያን ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መዞር ነው። ከፋፈን ሸለቆ በጅቡቲ ድንበር እስካለችው ደወሌ ድረስ ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ቢርካ፣ የሚያገኘውን ሁሉ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ይጽፋል። ጥልቀቱንና የውሃውን ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ማን እንደቆፈረው፣ በተራ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ሁሉ ይጽፋል። ሶማሌ ቅጽል ስም ሳያወጣለት የሚተወው ሰው የለምና «ሀብቴ ኤል» አሉት፤ ሀብቴ ጉድጓድ ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ድርቁ ሲከፋ በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ወዳለችው አይሻ ተላከ። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር የሰፈሩ አሥር ያህል ቤተሰቦች አገኘ። በሌላው ሰፈር ሁሉ ፍየሉ አልቆ ነበር። እዚህ ግን ከስተውም ቢሆን ቆመው ይሄዳሉ። የሆነ ቦታ ውሃ እንዳለ ገባው። ሲጠይቅ ግን አንዱ ወደ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ስለ ባቡሩ ያወራል፤ የሚመልስለት ሰው ጠፋ።

ሁለት ቀን ከነሱ ጋር ቆየ። በሦስተኛው ቀን ልጆች ሆዳቸውን እየታመሙ መሆኑን አይቶ «የምትጠጡት ውሃ የታመመ እንደሆነ መርምሬ መድኃኒት ልጨምርበት እችላለሁ። ግን ካላየሁት አልችልም» አላቸው። ያኔ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ባል የሞተባቸው ሴት ተነሡና «ና» አሉት። ወይዘሮ ኤብላ ይባላሉ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የባላቸው አባት ናቸው፤ ጠባቂው ደግሞ ወይዘሮ ኤብላ ራሳቸው ነበሩ።

ወንዙ ውስጥ አሸዋውን ጠርገው፣ እሾሁን አንሥተው፣ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲገፉ የጉድጓዱ አፍ ታየ። ኤል ከይድ ይሉታል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ማለት ነው። ዝናብ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልቀረ አይከፈትም። ሲከፈትም ሽማግሌዎች ተማክረው ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በተራው፣ በልክ ይቀዳል። ሁሉም ከብቱን ነድቶ ቢመጣ በሳምንት ያልቃል።

ሀብተየስ ለካ፣ ናሙና ወሰደ፣ መድኃኒቱን ጨመረ። ያኔ አዲስ የተሰጠውን ጂፒኤስ አውጥቶ ቦታውን አነበበና ደብተሩን ከፈተ።

«ይህ ደብተር የት ነው የሚሄደው?» አሉት ወይዘሮ ኤብላ።

«ጅጅጋ፣ መሥሪያ ቤቴ፣ ኤዶ።» ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

«ማን ያየዋል?»

«እኔና አለቃዬ። ከዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

ፊቱን አዩና «እንግዲያስ ጻፍ» አሉት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሲነግረኝ «አይዳ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ሁሉ እውነት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳጥኑን አውቀዋለሁ፤ የተቀመጠው ከእኔ ጠረጴዛ ኋላ ነበር።

አሁን እኔ ወደ ሠራሁት ልምጣ። በ2006 ዓ.ም. የውጭ ድጋፍ ያለው አንድ ፕሮጀክት መጣ። ዓላማው መልካም ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ሳጥን ውስጥ የሚበሰብሰው የጉድጓድ መረጃ ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ለሁሉም ክፍት በሆነ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ይወጣል፤ ድርቅ ሲመጣ ውሃ የሚያድል ሁሉ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ሀብተየስ ደስታውን አልቻለም። ሃያ ሦስት ሰማያዊ ደብተር ተሸክሞ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። እኔ አራት ወር ሙሉ ጻፍኩ።

ፕሮጀክቱ በሰጠን ሠንጠረዥ ውስጥ «የማኅበረሰቡ ፈቃድ» የሚል ዓምድ ነበር።

«ጋሽ ሀብተየስ፣ እዚህ ምን ልጻፍ?» አልኩት።

ሻይ እየጠጣ ነበር። «ሳይፈቅዱልኝ እንዴት እለካለሁ? ‹አለ› በይው» አለኝ።

የመጀመሪያው መስመር ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩና በማውሱ ይዤ እስከ ታች ጎተትኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መስመር በአንድ ጊዜ «አለ» ሆነ። ጣቴ ምንም አልከበደውም።

ካርታው የወጣ ሰሞን ሀብተየስ ሚስቱን ወለተሐናን ይዞ ታይዋን ከሚባለው የጅጅጋ ገበያ አጠገብ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። ከጅጅጋ እስከ ጅቡቲ ድንበር ድረስ በሰማያዊ ነጠብጣብ የተሞላውን ስክሪን እያሳያት «ይህ ሁሉ የእግሬ ዱካ ነው» አላት። ወለተሐና «ለዚህ ነው እንግዲህ ለገና እንኳ ቤት የማትገኘው» ብላ ስትስቅበት፣ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሳይቀር መጥቶ አየለት።

ካርታው ጥሩ ሥራም ሠርቷል። በ2007 ክረምት ዝናቡ ሲቀር አንድ የእርዳታ ድርጅት ተዘግቶ የነበረ የሞተር ጉድጓድ ከካርታው ላይ አግኝቶ አስጠግኖ ሁለት ሰፈር አጠጣ። ደውለው አመሰገኑን። የምስጋናውን ደብዳቤ እኔ ራሴ ፋይል አድርጌዋለሁ።

በጥቅምት 2008 ግን ስልክ ተደወለለት። የደወለው የወይዘሮ ኤብላ ልጅ ጃማ ነው፤ ደወሌ ላይ ከጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነበር።

«ሀብቴ፣ እናቴ ጋ ድረስ። ስድስት ቦቴ ጉድጓዳችን አፍ ላይ ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው።»

«የትኛው ጉድጓድ?»

«አንድ ነው ያለን! ለመንገድ ሥራ ውሃ እንቀዳለን ይላሉ። ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ ላይ የአንተ ስም አለበት።»

ሀብተየስ ስልኩን ዘግቶ እዚያው ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ሳየው ሰው የሞተበት መሰለኝ። የመስክ መኪና ፈቃድ እስኪያገኝ አልጠበቀም፤ በሚኒባስ ድሬዳዋ ገባ፣ በማግስቱ በጭነት መኪና አይሻ ደረሰ። ከዚያ ጃማ ሰው ለምኖ ባገኘው ላንድክሩዘር ወደ ወንዙ ወሰደው።

ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ነበር። ቦቴዎቹ አምስት ቀን ሲቀዱ ቆይተው፣ ትልቁ ፓምፕ አሸዋውን ጭምር እየሳበ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ። ሀብተየስ ሽቦውን ሲያወርድ በአራት ሜትር ላይ አሸዋ ነካ። ውሃ የለም።

የተቋራጩ ፎርማን ቱቦ ሲያስጠቀልል አገኘው። ወጣት ልጅ ነው፤ ሊጣላም አልፈለገም።

«ጋሼ፣ እኛ የሰረቅነው ነገር የለም» ብሎ ከመኪናው ወረቀት አወጣ። «ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው ይላል። ይኸው፣ ፈቃድም አለው።»

ሀብተየስ ወረቀቱን ተቀበለ። ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ጥልቀትና የቦታ ቁጥር፣ «የማኅበረሰቡ ፈቃድ፦ አለ»፣ መጨረሻው ላይ «መረጃውን የሰበሰበው፦ ሀብተየስ»።

«ሴትዮዋ አልነገሯችሁም?» አለው።

«ነግረውናል መሰለኝ። በሶማሊኛ ስለሆነ አልገባንም። ወረቀቱ ስላለን ነው እንጂ...» ፎርማኑ ዞር አለ። ወደተናደው አፍ ሄዶ አየና «ለአለቆቼ እናገራለሁ» ብሎ ሄደ። ይናገር አይናገር አላወቅንም።

ወይዘሮ ኤብላ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠው ነበር። ስድሳ አምስት አልፏቸዋል። ሀብተየስ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። አልጮሁበትም።

«ሳጥኑን ማን ከፈተው?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ ኤዶ።»

«አስገድደውህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ሰበብ ሊፈልግ ይችል ነበር። ፕሮጀክቱን፣ አለቆቹን፣ እኔን መጥራት ይችል ነበር። «ደስ ብሎኝ ነው» አላቸው። «ሥራዬ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነው። እርስዎ ትዝ አላሉኝም።»

ወይዘሮ ኤብላ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ። «ደግ። ውሸት አልጨመርክበትም» አሉትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በላይ አላናገሩትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ተበተነ። ፍየሎቹ በየመንገዱ አለቁ፤ ሦስት ቤተሰብ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ወይዘሮ ኤብላ አይሻ ከተማ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ገቡ።

ሀብተየስ ሲመለስ ከስቶ ነበር። ወለተሐና «ምግብ አይበላም፣ ደብተሩን ብቻ ያገላብጣል፤ ምን አግኝቶት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«አይዳ፣ ያን ‹አለ› የሚለውን ስንት ቦታ ነው የጻፍነው?»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ።»

«ስንቱን ጠይቀናል?»

«አንዱንም» አልኩት። እኔ አለቀስኩ። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «በይ ለቅሶውን ተይና ደብዳቤ እንጻፍ» አለኝ።

ማን ጋ እንደሚጻፍ ማወቁ ራሱ አንድ ወር ፈጀ። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ ካርታው ያለበት ኮምፒዩተር ውጭ አገር ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ ወደሌላው ይመራናል። በመጨረሻ የመጣልን መልስ ሦስት መስመር ነበር፦ መረጃው በፈቃድ የተሰጠ ክፍት መረጃ ስለሆነ ለማንሣት የሚያስችል አሠራር የለም፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።

ሀብተየስ መልሱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሳይጠየቅ የቀረውን አሁን ሊጠይቅ ወሰነ። ለሌላ ሥራ ወደ መስክ በወጣ ቁጥር፣ የዓመት ፈቃዱንም ጭምር፣ በየጉድጓዱ እየሄደ ካርታውን በስልክ እያሳየ ይጠይቅ ጀመር። እኔ አዲስ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁለት፤ መልሱ ይታይ፣ አይታይ፣ ወይም የወረዳው ስም ብቻ ይታይ ነው። ብዙ ሰው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አብዛኛው ግን ይታይ ነው ያለው። ሐርተሼክ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቢርካቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያዩት «ስሜስ የታል? ስሜን በትልቁ ጻፉት!» ብለው ተጣሉት። አንዳንዱ ደግሞ «አሁን ነው የምትጠይቀን?» ብሎ ፊቱን አዞረበት። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ደረሰ። ሠላሳ አንዱ አይታይ ብለዋል። እነዚያን ሠላሳ አንድ ቦታዎች ለማንም አልነገረም፤ እኔም ሠንጠረዡን ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ነው የያዝኩት።

በመጋቢት 2009 ዒፍራህ የምትባል ወጣት የሥነ ምድር መምህርት ቢሮአችን መጣች። ጅጅጋ ተወልዳ ውጭ ተምራ የተመለሰች ናት። ለሥነ ምድር ባለሙያዎች የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት እያዘጋጀች ነበር፤ ርዕሱ በኢንተርኔት ስለሚለቀቅ የመሬት መረጃና ስለ ነባር ሕዝቦች መብት ነው። የሀብተየስ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደርሷት ነበር።

«ጋሽ ሀብተየስ፣ መጥተህ እንድትናገርልን ነው የምፈልገው» አለችው።

«እኔ ምን እናገራለሁ? የሚናገረው የተጎዳው ነው።»

«እሳቸው ይመጣሉ?»

«አላውቅም። ካየኋቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።»

አይሻ ሄደ። ወይዘሮ ኤብላ በር ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኛቸው። ግባ አላሉትም፤ ሂድም አላሉትም። ቆሞ ነገራቸው።

«የተማሩ ሰዎች ፊት ቆሜ ምን ልል ነው?»

«የሆነውን።»

«በአማርኛ ነው?»

«በሶማሊኛ። ግማሾቹ ስለማይሰሙ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ወይዘሮ ኤብላ ገመዱን መግመድ አቆሙ። «እኔ ስሰድብህ አንተ ራስህ ለሰዎቹ ልትነግርልኝ ነው?»

«አዎ።»

ሳቁ። ጃማ እንደነገረኝ እናቱ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሲስቁ ያያቸው ያን ቀን ነው። «ይህንን ለማየትስ እሄዳለሁ» አሉ።

ዐውደ ጥናቱ በግንቦት ወር ጅጅጋ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እኔ በር ላይ ስም መዝጋቢ ነበርኩ። አርባ ያህል ሰው መጣ፤ ከድሬዳዋ፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ፣ የጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ሰዎችም ነበሩ። ገና ከመጀመሩ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ነባር ሕዝብ የሚባለው ለሌላ አገር ነው፤ እዚህ ሁላችንም ነባር ነን» አለ። ሌላው ተነሥቶ ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰ። ሦስተኛው አርብቶ አደር ማለት ይበቃል አለ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ዒፍራህ ማይኩን ይዛ «ቃሉን ነገ እንጨርሰዋለን። ዛሬ ከአንድ ጉድጓድ እንጀምር» አለችና ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራች። ነጠብጣቧ እዚያው ነበረች፤ ከሥሯም «አለ» ይላል። እኔ በሩ ላይ አንገቴን ደፋሁ።

ወይዘሮ ኤብላ ተነሥተው ቆሙ። ሀብተየስ በቀኛቸው ቆመ። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ በየትኛው ድርቅ ስንት ቤት እንዳዳነ ተናገሩ። እሱም እያንዳንዷን ቃል በረጋ ድምፅ ወደ አማርኛ መለሰ። ከዚያ ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ።

«ከዚያ ይህ ሰው መጣ» ብሎ አስተረጎመ ሀብተየስ። «ይህ አጠገቤ የቆመው። ልጆቼን አከመልኝ፤ እንደ ልጄ አየሁት። ደብተርህን ማን ያያል አልኩት፤ ይቆለፋል አለኝ። አመንኩት። እኔ ያመንኩት እሱን ነው፤ መንግሥትን አይደለም፣ ወረቀትን አይደለም። እሱ ግን የእኔን ጉድጓድ ለማላውቀው ዓለም ሰጠው። ሲሰጥ አንድ ቀን እንኳ ስልክ አልደወለልኝም። ልጄ ስልክ አለው፤ ቁጥሩን ያውቃል።»

እዚህ ላይ ሀብተየስ ማስተርጎሙን አቋረጠ። ዒፍራህ ልትተካው ተነሣች። ወይዘሮ ኤብላ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏትና በሶማሊኛ የሆነ ነገር አሉ። ሀብተየስ እሱንም አስተረጎመው፦ «ተይው፣ ይጨርስ፣ ይችላል።»

ጨረሰ። እስከ ሞቱት ፍየሎች፣ እስከ ተበተነው ሰፈር፣ አንድም ቃል ሳያለሳልስ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አንጋፋ ባለሙያ እጁን አወጣ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በክፋት አይደለም የምጠይቀው» አለ። «ድርቅ ሲመጣ የተደበቀ ውሃ ካለ፣ እዚያ አካባቢ በጥም የሚሞት ሌላ ሰውስ? በዚሁ ካርታ የዳኑ ሰዎች አሉ።»

ሀብተየስ ተረጎመላቸው። ወይዘሮ ኤብላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ነህ። ውሃ አንከለክልም፤ ሃይማኖታችንም አይፈቅድም። የተጠማ መጥቶ ሰላም ካለ ይጠጣል። በ1992 ድርቅ ከእኛ ያልሆኑ አራት ቤቶች አጠጥተናል። ሰላም ያለውን ግን እናየዋለን፤ ስንት ሆኖ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ እንነግረዋለን። የእናንተ ወረቀት ሰላም ሳይባል የሚገባበት በር ሠራ። እኔ የምላችሁ ካርታ አትሥሩ አይደለም። ደውሉልኝ ነው።»

ሰውዬው ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ ሲጽፍ አየሁት።

በማግስቱ ተሰብሳቢዎቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው በሀብተየስ ሠንጠረዥ ላይ ተወያዩ። «ለመለካት መፍቀድና ካርታ ላይ ለማውጣት መፍቀድ ሁለት ናቸው» የሚለው ነገር ለእኛ አሁን ቀላል ይመስላል፤ ያን ቀን ግን ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች የገዛ ቅጻቸውን አውጥተው ሲያዩ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ለካርታው ባለቤቶች የሚሠራ ሰው ያውቅ ኖሮ፣ ደብዳቤው በሦስት መስመር የማይመለስበት መንገድ ተገኘ። ያም ሆኖ ስምንት ወር ፈጅቷል። በጥር 2010 ሠላሳ አንዱ ቦታዎችና ኤል ከይድ ከካርታው ላይ ተነሡ፤ ያልተጠየቁት ሁሉ ደግሞ በወረዳ ደረጃ ብቻ እንዲታዩ ሆነ። ቀድሞ ካርታውን አውርዶ የወሰደ ሰው እጅ ላይ ያለው ግን አይመለስም። ዒፍራህ ይህን አልደበቀችም፤ አይሻ ድረስ ሄዳ ለወይዘሮ ኤብላ ነገረቻቸው።

ዐውደ ጥናቱ እንዳበቃ ያ አንጋፋ ባለሙያና ሌሎች አራት ሰዎች ከሀብተየስ ጋር ወደ ወንዙ ሄደው አሸዋውን አይተው ነበር። የተናደው አይድንም፤ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ቢሞከር ይሻላል አሉ። በ2010 በጋ ጃማ ከተበተኑት ቤተሰቦች ያገኛቸውን ሰበሰበ፤ ሀብተየስም ፈቃድ ወስዶ ሄዶ አብሯቸው በእጅ ቆፈረ። በዘጠኝ ሜትር ውሃ አገኙ። ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ የሚሰጠውም የቀድሞውን ግማሽ ነው። አምስት ቤተሰብ ተመለሰ። ሌሎቹ አልተመለሱም፤ ጅቡቲ የተሻገሩት እዚያው ቀሩ።

ሀብተየስ ለክቶ ሲያበቃ ሳይጽፍ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ወይዘሮ ኤብላ «ጻፈው እንጂ» አሉት። «ስንት እንደነበር ሳናውቅ እየደከመ መሆኑን በምን እናውቃለን? ደብተሩ ግን እኔ ቤት ይቀመጣል።» አዲስ ደብተር ገዝቶ ጻፈላቸው። አሁን በየስድስት ወሩ ጃማ ራሱ ይለካል።

ይቅር ብዬሃለሁ ብለውት አያውቁም። ሀብተየስም አልጠየቃቸውም። በነሐሴ 2010 ግን ስልክ ደወሉለት። የልጅ ልጃቸው ደሃቦ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ አልፋ ጅጅጋ ልትማር ነው።

«የት ታርፋለች?» አላቸው።

«አንተ ጋ» አሉት።

ወለተሐና የፊት ለፊቷን ክፍል አጸዳች። ደሃቦ ሙስሊም ናትና ስለ ስጋው ከጎረቤታቸው ከዑባህ ጋር ተነጋገሩ፤ ደሃቦ ስጋ ያለበትን ምግብ እዚያ ትበላለች፣ ሌላውን እቤት። በመጣች በሳምንቷ ልጠይቃት ስሄድ ጋሽ ሀብተየስ በረንዳው ላይ መነጽሩን አድርጎ የሒሳብ ደብተሯን ያይላት ነበር፤ እሷ ደግሞ የሶማሊኛ ፊደል አጻጻፉን እያረመችለት ትስቃለች።